ኪሮሽ ለጀማሪዎች፦ ሰንሰለትንና ሲንግልን በወፍራም ክር መማር

በጎንደር በብዙ ቤቶች የሶፋው መደገፊያ፣ የቴሌቪዥኑ አናት፣ የጠረጴዛው መካከልና የአልጋው ራስጌ ዳንቴል ለብሰው ይታያሉ። ይህን እያየ ያደገ ሰው ኪሮሽ ለመማር ሲነሣ በሐሳቡ ያለው ያ ነጭ፣ ቀጭንና በአበባ የተሞላ ሥራ ስለሆነ፣ ከሱቅ ይዞ የሚመለሰው ቀጭን የዳንቴል ክርና ጫፏ በጭንቅ የምትታይ የብረት ኪሮሽ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በቀጭን ክር የተሠራ አንድ ስፌት ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ጀማሪው ኪሮሹን የት እንዳስገባ፣ የትኛውን ክር እንዳነሣና የትኛውን እንዳለፈ ለይቶ ማየት አይችልም፤ ያላየውን ስሕተት ደግሞ ሊያርመው አይችልም። ስለዚህ ይህ መመሪያ በወፍራም ክርና በመካከለኛ ኪሮሽ ሁለት ነገሮችን ብቻ ያስተምራል፦ የሥራው ሁሉ መሠረት የሆነውን ሰንሰለትና በላዩ የሚቆመውን፣ ሲንግል የሚባለውን አጭር ስፌት።

ቀጭኑ ክር ባለሙያ ከሆኑ በኋላ የሚደረስበት እንጂ የሚጀመርበት አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የኪሮሽ ዳንቴል የተስፋፋው በመርፌ የሚሠራውን ውድ ዳንቴል በአነስተኛ ወጪና ባጠረ ጊዜ ለመተካት ሲባል ነበር፤ በተለይ አየርላንድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብሏ በበሽታ ጠፍቶ በረኃብ በተመታች ጊዜ፣ ለብዙ ቤተሰብ የዕለት ጉርስ ያስገኘው ይኸው የሴቶች የእጅ ሥራ ነው። ያን ያህል የረቀቀ ሥራ ይሠሩ የነበሩት ቀኑን ሙሉ ኪሮሽ ከእጃቸው የማይለይ ሴቶች መሆናቸውን ማስታወስ፣ ዛሬ የሚጀምር ሰው ከራሱ የሚጠብቀውን በልክ እንዲያደርግ ይረዳዋል።

ዕቃውን መምረጥ

ለመማሪያ የሚመቸው ኪሮሽ 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው፤ እሱ ከታጣ 4.5 ወይም 5.5 ቢሆንም ያው ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣት በሚያርፍበት ጠፍጣፋ ክፍል ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ለዳንቴል ክር የሚያገለግሉት የብረት ኪሮሾች በአብዛኛው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆኑ፣ ለሻጩ «ኪሮሽ» ብቻ ካሉት የሚሰጥዎ እነሱን ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «ለሹራብ ክር የሚሆን ወፍራም ኪሮሽ» ብለው ይጠይቁ። ከመግዛትዎ በፊት የኪሮሹን ጫፍ በልብስዎ እጅጌ ላይ ቀስ አድርገው ይጎትቱት። ክር የሚመዝ ከሆነ ጫፉ ሸካራ ነውና ሌላ ይምረጡ። የእንጨት ኪሮሽ ከሆነ ግን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል።

ክሩን መምረጥ ከኪሮሹ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሚፈለገው መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ልስልስ፣ በደንብ የከረረና ቀለሙ ፈዘዝ ያለ የሹራብ ክር ነው፤ ክሬም፣ ቢጫ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ጥሩ ነው። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ክር የስፌቱን ቅርጽ ስለሚሸሽግ፣ ፀጉራም ክር ደግሞ ሲፈታ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ፣ ሁለቱም ለጀማሪ አይሆኑም። በክሩ መጠቅለያ ወረቀት ላይ የሚስማማው የኪሮሽ መጠን በሚሊ ሜትር ተጽፎ ካገኙ ከኪሮሽዎ ጋር ያስተያዩት። አክሪሊክ ክር ለመለማመጃ ርካሽና የማያስቸግር ነው። ጥጥ ግን ያን ያህል አይለጠጥም፤ በዚህም ምክንያት እጅን ትንሽ ያደክማል፤ ነገር ግን ስፌቱን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ቤታቸው ጥጥ የሚፈተልባቸው አንባቢዎች «ለምን በእጅ ፈትል አንሠራም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ማግ እንዲሆን የተፈተለ ክር ሆን ተብሎ ልል የተደረገ ነው፤ ሸማኔው የሚፈልገው ልብሱ ለስላሳ እንዲሆን ነውና። ኪሮሽ ላይ ግን ይኸው ልስላሴ ይጎዳል፦ ጫፉ ክሩን ከመካከሉ እየሰነጠቀ ይገባል፣ ጠበቅ ተደርጎ ሲሳብም ይበጠሳል። ፈትሉን ሁለት ወይም ሦስት አድርገው ደርበው በእንዝርት መልሰው ቢያከርሩት ለኪሮሽ የሚሆን እጅግ ያማረ ክር ይወጣዋል፤ ይህ ግን እጅ ከለመደ በኋላ የሚሞከር ነው።

ከእነዚህ ሌላ መቀስ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ ጫፈ ድልዱም መርፌ፣ የመለኪያ ሜትርና ሁለት ወይም ሦስት መርፌ ቁልፍ ያዘጋጁ። መርፌ ቁልፉ የእያንዳንዱን ረድፍ የመጀመሪያ ስፌት ምልክት ለማድረግ ስለሚያስፈልግ አይናቁት።

ብርሃንም እንደ ዕቃ ይቆጠር። በበጋ ጠዋት በረንዳ ላይ ወይም በር ላይ መቀመጥ ይበቃል፤ በክረምት ግን የጎንደር ሰማይ ቀኑን ሙሉ ደመና ለብሶ ሊውል ስለሚችል ከመስኮት አጠገብ ይቀመጡ፣ ማታ የሚሠሩ ከሆነም መብራቱ ከጀርባ ሳይሆን ከጎን ይምጣ። ከጀርባ የሚመጣ ብርሃን የእጅዎን ጥላ ልክ በሚሠሩት ስፌት ላይ ይጥለዋል።

የእጅ አያያዝ

ከዚህ በታች ያለው በቀኝ እጁ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው፤ ግራኝ የሆነ ሰው ቀኝ የሚለውን ግራ፣ ግራ የሚለውን ቀኝ እያለ ይከተለው፤ ሥራው ከግራ ወደ ቀኝ ከመሄዱ በቀር ምንም ልዩነት የለውም።

ኪሮሹን በቀኝ እጅ እንደ እስክሪብቶ ከላይ ይዞ መሥራት ይቻላል፤ እንደ ቢላዋ መዳፍ ውስጥ አስገብቶ መያዝም ይቻላል። አንዱ ትክክል ሌላው ስሕተት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እጅ የሚያደክመውን መተው ብቻ በቂ ይመስለኛል። ለወፍራም ክር ብዙዎች ሁለተኛው ይቀላቸዋል።

እውነተኛው ሥራ ያለው በግራ እጅ ላይ ነው። ከልቃቂቱ የሚመጣውን ክር በትንሿ ጣት ዙሪያ አንድ ጊዜ ይጠምጥሙት፣ ከዚያም በቀለበት ጣትና በመካከለኛው ጣት ሥር አሳልፈው በጠቋሚው ጣት ላይ ያውጡት። አውራ ጣትና መካከለኛው ጣት የተሠራውን ሥራ ከኪሮሹ ሥር ይይዛሉ፤ ጠቋሚው ጣት ቀና ብሎ ክሩን ይወጥራል። ክሩ በጣቶቹ መካከል ሲሄድ በቀላሉ መንሸራተት አለበት፤ ግን በራሱ መርገፍ የለበትም። ጀማሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ክሩን አጥብቀው ይይዛሉ። ከሰፈራችን እናቶች አንዲቱ ጎረቤታቸው ለሆነች ልጅ ሲያሳዩ፣ በየመሀሉ የእጇን ጀርባ በጣታቸው መታ እያደረጉ «ልጄ፣ ክሩን አታንቂው፤ ይሂድ ተይው» ይሏት ነበር፤ እሷም «እሺ እማማ» ብላ ትከሻዋን ስታወርድ ክሩ ወዲያው ይለቃል። ነገሩ በእርግጥ ከትከሻ ይጀምራል፦ ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ጣት ይጨብጣል፣ ጣት ከጨበጠ ስፌቱ ይጠባል፣ ስፌቱ ከጠበበም በሚቀጥለው ረድፍ ኪሮሹ አልገባም ይላል። ስለዚህ በየአሥር ስፌቱ ቆም ብለው ትከሻዎን ይመልከቱ።

ሸምቀቆውን ማሰር

የክሩን ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ትተው ጠረጴዛ ላይ አንድ ክብ ይሥሩ፤ ክቡ ሲዘጋ ወደ ልቃቂቱ የሚሄደው ክር በአጭሩ ጫፍ ላይ ተሻግሮ ያልፋል። ከዚያም ይህንኑ ወደ ልቃቂቱ የሚሄደውን ክር ከክቡ ኋላ እንዲያልፍ ያድርጉት። አሁን ኪሮሹን በክቡ መካከል አስገብተው ከኋላ ያለውን ክር ይያዙና በክቡ ውስጥ ወደ ፊት ይሳቡት። አጭሩን ጫፍ ሲጎትቱ ቋጠሮው ይጠብቃል፤ ረጅሙን ሲጎትቱ ቀለበቱ ወደ ኪሮሹ ይጠጋል።

በትክክል መታሰሩን ለማረጋገጥ ኪሮሹን አውጥተው ረጅሙን ክር ይሳቡት። ቋጠሮው ተፈትቶ ከጠፋ ሸምቀቆ ነበር፤ ካልጠፋ ተራ ቋጠሮ አስረዋልና እንደገና ይጀምሩ። ከታሰረ በኋላ ቀለበቱ ኪሮሹ ላይ ወዲያና ወዲህ እንደ ልብ መሄድ አለበት።

ሰንሰለቱ

በግራ አውራ ጣትና መካከለኛ ጣት ሸምቀቆውን ከሥሩ ይያዙት። ክሩን ከኋላ ወደ ፊት በኪሮሹ ላይ ያሳልፉት፤ ወይም በሌላ አነጋገር ኪሮሹን ከክሩ በታች አሳልፈው በአፉ፣ ማለትም በተቆለመመው ጫፉ፣ ይያዙት። ከዚያ የኪሮሹን አፍ ትንሽ ወደ ታች አዙረው የያዘውን ክር ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ያውጡት። አሮጌው ቀለበት ወረደ፣ አዲስ ቀለበት በቦታው ተተካ፤ አንድ የሰንሰለት ዓይን ተሠራ ማለት ነው። ይኸው እንቅስቃሴ ይደጋገማል።

ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛው የግራ እጅ ጣቶች ሥራውን የሚይዙበትን ቦታ በየሁለት በየሦስት ዓይኑ ወደ ኪሮሹ ማስጠጋት ነው፤ ይህ ካልተደረገ ሰንሰለቱ ይንዘላዘልና ዓይኖቹ ይዘባረቃሉ። ሁለተኛው የዓይኑን መጠን የሚወስነው የኪሮሹ ወፍራም አካል እንጂ የቀጠነው አንገቱ አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው ቀለበቱን ከአፉ አጠገብ፣ በቀጭኑ አንገት ላይ እያጠበቀ ይሠራና ከ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ የ3 ሚሊ ሜትር ዓይን ያወጣል። እያንዳንዱ አዲስ ቀለበት ወደ ወፍራሙ አካል ገባ ብሎ እዚያ ይለካ።

ሰንሰለቱ ከወጣ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በደንብ ይመልከቱት፤ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ፈጽሞ አይባክንም። በአንደኛው ገጽ ላይ ዓይኖቹ በጎናቸው የተኙ የሀ ፊደሎች ሆነው ተከታትለው ይታያሉ፤ ይህ ፊቱ ነው። ሲገለብጡት በየዓይኑ አንዳንድ እብጠት ያለበት ጀርባው ይመጣል። የሚቆጠረው በፊቱ በኩል ነው፦ አንድ ሀ አንድ ዓይን ነው። ኪሮሹ ላይ ያለው ቀለበት አይቆጠርም፤ የመነሻው ሸምቀቆም አይቆጠርም።

ለመለማመጃ ብዙ ሰንሰለት ይሥሩና ይፍቱት። የኪሮሽ ሥራ ትልቁ ቸርነት ይኼ ነው፦ በማንኛውም ጊዜ ያልተዘጋው ቀለበት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ኪሮሹን አውጥተው ክሩን ከሳቡት ሥራው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው በሥርዓት ይፈታል። በሹራብ መርፌ ሲሠራ ግን የረድፉ ዓይኖች በሙሉ ክፍት ሆነው መርፌው ላይ ስለሚቆዩ፣ አንዱ ሲያመልጥ ቁልቁል ይተረተራል። ዓይኖቹ እኩል መሆን ሲጀምሩ 16 ዓይን ያለው ሰንሰለት ሠርተው ወደሚቀጥለው ይለፉ።

የመጀመሪያው የሲንግል ረድፍ

ይህ የሁሉም ክፍሎች ከባዱ ነው፤ ሰንሰለቱ ቀጭንና ተወዛዋዥ ስለሆነ የሚጨበጥ ነገር የለውም። ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ሥራው ይቀላልና እዚህ ላይ ተስፋ አይቁረጡ።

የሰንሰለቱን ፊት ወደ እርስዎ አድርገው ይያዙ። ከኪሮሹ አጠገብ ያለውን የመጀመሪያውን ዓይን ይዝለሉና ኪሮሹን ሁለተኛው ዓይን ውስጥ፣ ከላይኛው አንድ ክር ሥር ያስገቡ። እጅ ከለመደ በኋላ ከጀርባው እብጠት ሥር ማስገባት የተሻለ የሚያምር ጠርዝ ይሰጣል፤ ለአሁኑ ግን የላይኛው ክር ይበቃል። ዋናው ነገር በረድፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ቦታ ማስገባት ነው።

ኪሮሹ ከገባ በኋላ ክሩን ከኋላ ወደ ፊት በኪሮሹ ላይ አሳልፈው በዓይኑ ውስጥ ብቻ ይሳቡት። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበቶች አሉ፤ እስቲ ቆም ብለው ይዩዋቸው። ሁለቱ እኩል ቁመት ሊኖራቸው ይገባል። አዲሱ ቀለበት ካጠረ የስፌቱ እግር ያጥራል፣ ሥራውም እንደ ጣውላ ይደርቃል። ከዚያ ክሩን እንደገና በኪሮሹ ላይ አሳልፈው በሁለቱም ቀለበቶች ውስጥ በአንድ ጊዜ ያውጡት። ኪሮሹ ላይ አንድ ቀለበት ብቻ ሲቀር የመጀመሪያው ሲንግል ተጠናቀቀ። መርፌ ቁልፉን በዚህ ስፌት አናት ላይ ያስገቡት።

እንግዲህ ማስገባት፣ መሳብ፣ መጠምጠም፣ ማውጣት ነው። በሚቀጥለው ዓይን ይድገሙት፤ በአንድ ዓይን አንድ ስፌት፣ ሳይዘሉና ሳይደርቡ፣ እስከ ሸምቀቆው ድረስ። ከ16 ዓይኖች አንዱ ስለተዘለለ በረድፉ መጨረሻ 15 ስፌት ይኖርዎታል። 14 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተዘለለው ከሸምቀቆው አጠገብ ያለው የመጨረሻው ዓይን ነው፤ ሸምቀቆው ስለሚጫነው ጠቦ ይሸሸጋል።

ስለ ስሙ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ይህ ስፌት በአሜሪካኖቹ አጠራር ሲንግል ይባላል፤ እንግሊዞቹ ግን ይህንኑ ደብል ይሉታል። ከስልክ ላይ ሞዴል እያዩ ሲሠሩ የእርስዎ ሥራ ከሥዕሉ በጣም ቢረዝም ወይም ቢያጥር፣ ሞዴሉ በየትኛው አጠራር እንደተጻፈ መጀመሪያ ያጣሩ። ሲንግል የሚል ስፌት በውስጡ ካለ የአሜሪካኖቹ ነው፤ እንግሊዞቹ ይህን ስም አይጠቀሙበትም።

መዞርና ሁለተኛው ረድፍ

በረድፉ መጨረሻ አንድ የሰንሰለት ዓይን ይሥሩ። ይህች አንዲት ዓይን ክሩን ወደ ሚቀጥለው ረድፍ ቁመት የምታደርስ መወጣጫ ናት እንጂ ስፌት ሆና አትቆጠርም። ከዚያ ኪሮሹን ከቀለበቱ ሳያወጡ ሥራውን እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልብጡት፤ ጀርባው ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ያልተሠራው ረድፍ በግራዎ ይሆናል። በየረድፉ ወደ አንድ አቅጣጫ መገልበጥ ጠርዙን እኩል ያደርገዋል።

አሁን የረድፉን አናት ከላይ ይመልከቱ። እነዚያ የተኙ ሀዎች እዚህም አሉ፤ እያንዳንዱ ስፌት በአናቱ ላይ ሁለት ክር ያለው አንድ ሀ ተሸክሟል። ኪሮሹ የሚገባው ከሁለቱም ክሮች ሥር ነው። ከፊተኛው ክር ሥር ብቻ ወይም ከኋለኛው ሥር ብቻ ማስገባት በኋላ ለጌጥ የሚደረግ ሌላ አሠራር ነው፤ ሳያውቁ ካደረጉት ግን ሥራው ይላላና በየረድፉ ያልታሰበ መስመር ያወጣል።

የመጀመሪያው ስፌት የሚሠራው ልክ በመወጣጫዋ ሥር ባለው ስፌት ላይ ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ መወጣጫዋ ስለምትጋርደው የመጀመሪያውን ስፌት አልፎ ሁለተኛው ላይ ይገባል። መርፌ ቁልፉ የተፈለገው ለዚህ ነው። በየረድፉ የመጀመሪያውን ስፌት እንደሠሩ ወዲያው ምልክት ካደረጉበት፣ ሲመለሱ የመጨረሻው ስፌት የት መሆን እንዳለበት ሳያጠራጥር ይነግርዎታል፤ ምልክቱ ያለበት ስፌት ሳይሠራ ረድፉ አላለቀም። ረድፉ ሲያልቅ ይቁጠሩ፤ 15 ከሆነ ይዙሩ፣ ካልሆነ አይዙሩ። ያላመኑበትን ረድፍ ይዘው ወደ ሚቀጥለው መሄድ ኋላ አምስት ረድፍ ያስፈታል።

ረድፎቹን ለመቁጠርም ዘዴ አለው። እየተገላበጠ የተሠራ ሲንግል በፊቱ ላይ አግድም ሸንተረሮች ያወጣል፤ አንዱ ሸንተረር ከሥሩ ካለው ጎድጓዳ ጋር ሁለት ረድፍ ነው። ስለዚህ አምስት ሸንተረርና አምስት ጎድጓዳ ካዩ አሥር ረድፍ ሠርተዋል።

ሥራው ሲበላሽ ምክንያቱን ማግኘት

ሥራው ወደ ላይ ሲሄድ እየጠበበ ከመጣ ስፌት እየጠፋ ነው፤ በብዛትም የሚጠፋው በረድፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ነው። እየሰፋ ከሄደ በአንድ ዓይን ሁለት ጊዜ ገብተዋል፣ አለዚያም መወጣጫዋን እንደ ስፌት ቆጥረው በላይዋ ሠርተዋል። ሁለቱም በመቁጠር ይገኛሉ፤ የሚስተካከሉት ደግሞ በመፍታት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ረድፍ አንድ ጨምሮ ወይም ቀንሶ ቁጥሩን ማስተካከል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ቁጥሩ ይስተካከል እንጂ የጠርዙ ጥርስ እንዳለ ይቀራል።

የታችኛው ጠርዝ ተጨምድዶ ሥራው ወደ ላይ የሚሰፋ ሲመስል ግን ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ የመነሻው ሰንሰለት ከስፌቶቹ ይልቅ መጥበቁ ነው። መፍትሔው ሰንሰለቱን ብቻ ከፍ ባለ ኪሮሽ፣ ለምሳሌ በ6 ሚሊ ሜትር ሠርቶ፣ ከዚያ ወደ 5 መመለስ ነው። ኪሮሹ ወደ ዓይኑ አልገባም ካለም ኪሮሹን ወደሚበልጠው መቀየር በጉልበት ከመግፋት ይሻላል፤ ጉልበት ክሩን ይሰነጥቀዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ክሩ ይሰነጠቅና ግማሹ ብቻ በኪሮሹ ይወጣል። ወዲያው ካላዩት ስፌቱ መሐል ላይ ቀጭን ክር ተዘርግቶ ይቀራል። እሱን በመርፌ ገፍቶ ለመደበቅ ከመሞከር ያችን አንዲት ስፌት ፈትቶ እንደገና መሥራት ይቀላል።

ማጠናቀቅ

የመጨረሻው ስፌት ሲያልቅ ክሩን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡት፣ ክሩን በኪሮሹ ላይ አሳልፈው ጫፉ እስኪወጣ ድረስ በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ ይሳቡት፣ ከዚያም ያጥብቁት። የቀሩትን ሁለት ጫፎች በመርፌ አስገብተው በሥራው ጀርባ በስፌቶቹ እግር ሥር አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ያሂዱ፣ ከዚያ አቅጣጫ ቀይረው ጥቂት ይመለሱ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ሾልኮ ይወጣል። ጫፉን ቋጥሮ መቁረጥ ደግሞ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ይተዋል።

ሥራው ከተንሻፈፈ በውኃ አርጥበው፣ በፎጣ ጨመቅ አድርገው፣ በወፍራም ጨርቅ ላይ ጠርዙን በስፒል ወጥረው እስኪደርቅ ይተዉት። ጥጥ ቅርጹን በደንብ ይይዛል። በአክሪሊክ ላይ ግን ትኩስ ካውያ አያሳርፉ፤ ይቀልጣል ወይም ተዘርሮ ሕይወት ያጣል።

በሲንግል ብቻ የሚሠራ የጀበና መያዣ

መለማመጃውን ጨርሰው ቤት ውስጥ የሚያገለግል ነገር ለመሥራት ሲፈልጉ፣ ከከሰል ላይ የተነሣ ጀበና እጀታን መያዣ ይሥሩ። ለዚህ ሥራ ክሩ ጥጥ መሆን አለበት፤ አክሪሊክ ሙቀት ሲነካው ስለሚለሰልስና ስለሚቀልጥ እጅ ያቃጥላል። የጥጥ ክሩ ቀጠን ያለ ከሆነ ሁለት አድርገው ደርበው በ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይሥሩት።

16 የሰንሰለት ዓይን ይነሡ፣ በ15 ስፌት የሲንግል ረድፍ ይቀጥሉ። እንደ እጅዎ ጥብቀትና እንደ ክሩ ውፍረት ስፋቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ የስፋቱ እጥፍ ሲሆን ያቁሙ፤ ክሩን ግን አይቁረጡት። ሥራውን ሁለት አድርገው ሲያጥፉት ድርብ አራት ማዕዘን ይወጣዋል፤ ሙቀቱን የሚከለክለው ይህ ድርብነቱ ነው።

አሁን ዙሪያውን ይዝጉት። አንድ የመወጣጫ ዓይን ሠርተው፣ ኪሮሹን በሁለቱም ንጣፎች ውስጥ በአንድ ጊዜ እያስገቡ ሲንግል ይሥሩ፤ ክፍት የሆኑትን ሦስት ጎኖችና በመካከላቸው የሚመጣውን የታጠፈ ጎን ይዙሩ። የስፌት አናት ባለበት ጎን ላይ በየስፌቱ አንድ ይሠራል፣ የረድፍ ጫፍ ባለበት ጎን ላይ በየረድፉ ጫፍ አንድ ይሠራል። ማዕዘን ላይ ሲደርሱ በአንዱ ቦታ ሦስት ሲንግል ይደርቡ፤ አለዚያ ማዕዘኑ ይኮማተራል። የረድፍ ጫፍ ያለበት ጎን ሞገድ ከሠራ ስፌቱ በዝቷል ማለት ነውና በየጥቂት ረድፉ አንድ ይዝለሉ፤ ከተጨማደደም አንድ አንድ ይጨምሩ።

መጨረሻው ማዕዘን ላይ ሲደርሱ 12 የሰንሰለት ዓይን ሠርተው፣ ጫፉን በተነሣበት ስፌት ላይ በአንድ ሲንግል ይያዙት፤ ረከቦቱ አጠገብ ካለ ምስማር ላይ የሚንጠለጠልበት ማንጠልጠያ ይሆናል። ክሩን ይቁረጡ፣ ጫፉን በሁለቱ ንጣፎች መካከል ደብቀው ያስገቡት። ከመጠቀምዎ በፊት አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው ያድርቁት፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ትንሽ ይሰበሰባል፣ ስፌቱም ይጠጋጋል።

ሁለተኛውን መያዣ በ4 ሚሊ ሜትር፣ ሦስተኛውን በ3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ ክሩንም በዚያው ልክ እያቀጠኑ ይሥሩ። የዳንቴል ክር ሲገዙ ደግሞ በመጠቅለያው ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ክሩ እየቀጠነ እንደሚሄድ ይወቁ፤ ቁጥር 5 ከቁጥር 10 ይወፍራል፣ ቁጥር 10 ደግሞ ከቁጥር 20 ይወፍራል። ከቁጥር 5 ይጀምሩ።